ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የአውራ ጣቴ ጅማት ዞሮ ነው ወይስ ነርቩ እየሞተ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ57 ዓመት ሴት ነኝ፤ አራት ኪሎ አካባቢ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። የቀኝ አውራ ጣቴ ሥሩ ላይ፣ ከእጄ አንጓ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ማመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት አልፏል። መቀስ ስይዝ፣ የበር ቁልፍ ሳዞርና የታጠበ ልብስ ስጨምቅ ሕመሙ እስከ ክንዴ ይዘልቃል። በቅርቡ ደግሞ የቡና ሲኒ ከእጄ ያመልጠኝ ጀምሯል። ወጌሻ ዘንድ ሦስት ጊዜ ታሽቻለሁ፤ «ጅማትሽ ዞሯል» ብሎ መልሶልኝ ነበር፣ ግን አልዘለቀም። ጎረቤቴ «ነርቭ ነው» ብላኝ የቫይታሚን መርፌ ተወግቻለሁ። ከመድኃኒት ቤት የምገዛት ትንሽ ነጭ ክኒንም አለች፤ ስሟን አላውቀውም፣ እሷን ስውጥ ለጥቂት ቀናት ስለሚሻለኝ ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ። ለደም ግፊቴ ሁለት ዓይነት መድኃኒት እወስዳለሁ። ታላቅ እህቴ ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ናት። ለመሆኑ አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶችና ነርቮች የትኞቹ ናቸው? የእኔ የተጎዳው የትኛው ነው? ኤምአርአይ ልነሳ? ስሜ እንዳይወጣ አደራ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝ የጅማትና የነርቭ ስም ቢሆንም ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ዓይኔ የተተከለው ስለ እህትዎ በጻፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እንደምገምተው እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሕመሙ ይልቅ «የእህቴ ዕጣ በእኔም እየመጣ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ መልሴን ከዚያ ልጀምር፤ የጻፉልኝ ምልክት የስትሮክ መነሻ አይደለም። ስትሮክ በድንገት፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ነገር ነው፤ ፊት በአንድ ወገን ይጣመማል፣ ክንድ አልነሳ ይላል፣ አንደበት ይተሳሰራል። እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎም ሆነ በቤተሰብዎ ላይ ቢታይ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል እንጂ ለሐኪም ደብዳቤ አይጻፍም። በመቀስና በቁልፍ የሚቀሰቀስ፣ ሲያርፉ ጋብ የሚል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቦታ ያልተነቀነቀ ሕመም ግን ከአንጎል የሚመጣ አይደለም። ሳላይዎት በወረቀት ላይ ሕመም መሰየም ባልወድም፣ የገለጹት ሁሉ የሚያመለክተው የአውራ ጣት ሥር መገጣጠሚያ መበላትን፣ እኛ ኦስቲዮአርትራይተስ የምንለውን ነው። ያሠቃያል፣ ሥራ ያስፈታል፣ ሽባ ግን አያደርግም።

ከእህትዎ ሕመም ጋር የሚያገናኝዎት ነገር ካለ ያለው ጣትዎ ላይ ሳይሆን የመድኃኒት ከረጢትዎ ውስጥ ነው። ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን የጠየቁትን ልመልስ።

ቀኝ እጅዎን በትንሿ ጣት በኩል ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉና አውራ ጣትዎን ወደ ክንድዎ አቅጣጫ ቀና አድርገው ይወጥሩት። ከእጅ አንጓዎ ጎን ሁለት ገመድ የሚመስሉ ነገሮች ይነሳሉ፤ በመካከላቸውም ጎድጎድ ያለ ቦታ ይታያል። ወደ እጅዎ ጀርባ የቀረበው ገመድ የአውራ ጣትን ጫፍ የሚዘረጋው ረጅሙ ጅማት ነው። ወደ መዳፍዎ የቀረበው ደግሞ አንድ ይምሰል እንጂ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ጅማቶች ናቸው፤ አንዱ የጣቱን የታችኛውን አጥንት ይዘረጋል፣ ሌላው አውራ ጣትን ከመዳፍ ያርቃል። ይህ የሚያርቀው ጅማት የሚያርፈው እርስዎን በሚያምዎት መገጣጠሚያ ጠርዝ ላይ ነው። ከጎድጓዳው ውስጥ የሌላ እጅዎን ጣት ቀስ አድርገው ቢያሳርፉ የደም ቧንቧ ሲመታ ይሰማዎታል። በረጅሙ ጅማት ላይ ተሻግረው የሚያልፉ ቀጫጭን የነርቭ ክሮችም አሉ፤ በጥፍር ጫፍ ቀስ ተብለው ሲዳበሱ ከቆዳው ሥር እንደ ስፌት ክር ይንከባለላሉ። ይህችን ክር ልብ ይበሉልኝ፤ ወጌሻው ዘንድ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

በመዳፍ በኩል የጣቱን ጫፍ የሚያጥፈው ረጅም ጅማት ከክንድ ተነስቶ በእጅ አንጓ ውስጥ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ወፈር ያለ ሥጋ ደግሞ ጣቱን ወደ ሌሎቹ ጣቶች አዙረው የሚያገናኙት አጫጭር ጡንቻዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ጠለቅ ብሎ አውራ ጣትን ወደ መዳፍ ጠርንፎ የሚይዝ አንድ ብርቱ ጡንቻ አለ። ይህን ሁሉ የሚያዙት ሦስት ነርቮች ናቸው። ዘርጊዎቹንና አራቂውን ራዲያል፣ የጫፉን አጣፊና አብዛኞቹን የመዳፍ ጡንቻዎች ሚድያን፣ ጠርናፊውን ደግሞ በትንሿ ጣት በኩል የሚመጣው አልናር ያዝዛሉ። መገጣጠሚያው ራሱም የሕመም ስሜቱን የሚልከው በዋናነት ከራዲያልና ከሚድያን በሚወጡ ቅርንጫፎች፣ እንዲሁም በክንድ ውጫዊ ጎን ወርዶ እዚያ በሚደርስ የቆዳ ነርቭ አማካይነት ነው። መገጣጠሚያን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ነርቭ ያንኑ መገጣጠሚያና በላዩ ያለውን ቆዳ ጭምር እንደሚያዳርስ ጆን ሂልተን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አስተምሮ ነበር። ሕመምዎ ከጣትዎ ሥር ተነስቶ እስከ ክንድዎ የሚዘልቀው በዚህ የጋራ መንገድ ስለሚሄድ እንጂ ክንድዎ ተጎድቶ አይደለም። በአጭሩ፣ ነርቭዎ ደኅና ሆኖ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ሥራው ደግሞ ማሳመም ነው።

የተጎዳው እንግዲህ መገጣጠሚያው ነው። ሁለት ኮርቻዎች አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ሲደፋ ያስቡት፤ የአውራ ጣት ሥር እንደዚያ ነው። መርፌ የምናሾልከው፣ እንጀራ የምንቆርሰውና የምናጎርሰው በዚህ ቅርጽ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን አጥንቶቹ እንደ ዳሌ መገጣጠሚያ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው ስለማይቆለፉ የሚያጸናቸው በዙሪያቸው ያለው ማሰሪያ ነው። ጫናው ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ነው፤ በጣት ጫፍ 1 ኪሎ በሚያህል ኃይል ስንቆነጥጥ ከሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ 12 ኪሎ ገደማ እንደሚያርፍ ተሰልቷል። ወፍራም ጨርቅ በመቀስ ስትቆርጥ የኖረች ሴት በቀን ስንት ጊዜ ይህን እንደምታደርግ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ካረጡ ሴቶች መካከል ብዙዎቹ ይህ ችግር የሚገጥማቸው ሲሆን፣ መቀስ ነክተው የማያውቁ ሰዎችም ይታመማሉና ሥራዬ ጎዳኝ ብለው ሥራዎን አይክሰሱ።

አሁን ወደ ወጌሻው። ወጌሻን የሚንቅ ሐኪም አይደለሁም፤ እኔም በልጅነቴ ወለምታ በወጌሻ እጅ ታሽቼ አድጌአለሁ። «ጅማት ዞሯል» የሚለው ነገር ግን በዚህ ከተማ የብዙ ሰው እጅ ሲያበላሽ ስላየሁ በዝርዝር ልናገርበት እፈልጋለሁ፤ ካስረዘምኩት ይቅርታ። አንደኛው ችግር ከቃሉ ይጀምራል፤ በአማርኛ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያገናኘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስረውንም አንድ ላይ ጅማት እንላቸዋለን። የመጀመሪያው የሚጎትት ገመድ፣ ሁለተኛው የሚያጸና ማሰሪያ ነው። በእርስዎ እጅ የላላው ማሰሪያው ነው። ገመዶቹ ግን አልዞሩም፤ ያለምንም እንከን እየጎተቱ ነው፤ እንዲያውም መከራው ከዚያ የሚመጣ ነው። ማሰሪያው ሲላላ ቅድም ያየነው አራቂ ጅማት የአውራ ጣትን ሥር ወደ ውጭ ይስበዋል፣ በመዳፍ ውስጥ ያለው ጠርናፊ ጡንቻ ደግሞ የዚያኑ አጥንት ሌላ ጫፍ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ በመካከል አጥንቱ ከኮርቻው ላይ እየተንሸራተተ ይወጣና ከአውራ ጣት ሥር እብጠት የመሰለ ጉብታ ይታያል። ወጌሻው የሚያገኘው ይህን ጉብታ ነው። ሲጫነው ይገባል፣ ሲገባም ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ጣቱን ጎተት ሲያደርገው አጥንቶቹ ስለሚላቀቁ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ይበርዳል። ታማሚዋም እውነቷን ነው፣ «ተመለሰልኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ በምርመራ ክፍሌ እንደ እርስዎ ያለች አንዲት እናት ጉብታውን በአውራ ጣቴ ስጫነው «ይኸው ገባ!» ብለው ፊታቸው በራ፤ ጣቴን ሳነሳ ግን ገና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ተመልሶ ወጣ። የሚይዘው ማሰሪያ ከሌለ በየሳምንቱ መመለስ ያንኑ የላላ ማሰሪያ ይበልጥ ማላላት ነው።

ቅድም ልብ ይበሉልኝ ያልኳት ክርም እዚህ ጋ ትመጣለች። ወጌሻው በጣቱ ሲዳብስ «ይኸው ጅማቱ፣ ይኸው ሲንከባለል» የሚለው ብዙ ጊዜ ያችን የነርቭ ክር ወይም በቦታው ያለን ጤነኛ ጅማት ነው። በኃይል ከታሸ ነርቩ ይቆጣና የአውራ ጣት ጀርባ መደንዘዝና መለብለብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሌላ ጎረቤት ትመጣና «አላልኩሽም? ነርቭ ነው» ትላለች። ሦስት ጊዜ ታሽተዋል፤ አራተኛ ጊዜ አይሂዱ። ጅማት የሚታመምበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። በአንጓው ጎን ያሉት ሁለቱ ጅማቶች በጠባብ ቱቧቸው ውስጥ ሲያብጡ የሚመጣውን ሕመም ዴ ኩዌርቫን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፎታል፤ ሕፃን የሚያቅፉ እናቶች ላይ በብዛት እናየዋለን። እሱ የሚያመው ከእርስዎ ቦታ ከፍ ብሎ፣ በክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ሲሆን፣ አውራ ጣትን በጭብጥ ውስጥ ደብቀው አንጓን ወደ ትንሿ ጣት ሲያዘነብሉት ያስጮኻል። እርሱም ቢሆን በእረፍትና በድጋፍ እንጂ በማዞር አይድንም።

ሲኒው ለምን ያመልጥዎታል? መገጣጠሚያ ሲታመም አንጎል ጡንቻዎቹን በሙሉ ኃይላቸው እንዳይሠሩ ይገታቸዋል፤ ጉልበቱ አለ፣ ግን አይለቀቅም። ስለዚህ አብዛኛው ድካም ሕመሙ ሲቀንስ ይመለሳል። የቫይታሚን መርፌውም በዚሁ ምክንያት አይረዳዎትም፤ ለነርቭ የሚወጋው ቢ12 የተባለው ቫይታሚን የሚጠቅመው ላነሰው ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሳምንት ራስዎ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ብርሃን ባለበት ቦታ ሁለቱን መዳፎችዎን ጎን ለጎን ዘርግተው ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ወፍራም ሥጋ ያነጻጽሩ። የቀኙ ከግራው ይልቅ ጠፍጥፎ ወይም ጎድጉዶ ከሆነ፣ አውራ ጣትዎ፣ አመልካችዎና የመሃል ጣትዎ ከደነዘዙ፣ በተለይ ሌሊት በመደንዘዝ ነቅተው እጅዎን የሚያራግፉ ከሆነ፣ ከመገጣጠሚያው በተጨማሪ ሚድያን ነርቭ በአንጓው መተላለፊያ ውስጥ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ እጅ ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። የሟሸሸ ጡንቻ ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል፤ ቆይቶ የመጣን ደግሞ ነርቩን ከጭንቀቱ ብናላቅቀውም ሥጋው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ይህ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ። ከሌለ ደግሞ እፎይ ይበሉ።

አሁን ወደ ክኒኗ፤ ትዕግሥቴ የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። ለሐበሻ ቀሚስ የሚሆነውን ጥለት ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ ሳይጠይቁ እንደማይሰፉ እርግጠኛ ነኝ፤ ስሙን የማያውቁትን መድኃኒት ግን ስድስት ወር ውጠዋል። በዚህ አኳኋን ያለ ማዘዣ የሚሸጡት ክኒኖች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወገን አይወጡም። ማሸጊያው ላይ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ኢንዶሜታሲን የሚል ካለ ዛሬውኑ ያቁሙ። እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የግፊት መድኃኒትን ኃይል ይቀንሳሉ፣ በተለይ ዳይክሎፌናክ ለልብ ድካምና ለስትሮክ ያለን አደጋ ይጨምራል። የሚወስዷቸው ሁለት የግፊት መድኃኒቶች ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆኑ ደግሞ ሦስቱ ተደርበው ኩላሊትን በአጭር ጊዜ ሊጎዱ ይችላሉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራዎ እየደማ ነውና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ማሸጊያው ላይ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚል ካለ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ በድንገት አያቁሙት። ስቴሮይድ የሚባለው ይህ መድኃኒት ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን ይመስላል፤ ለወራት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ማምረት ይቀንሳል፤ በአንድ ቀን ሲቋረጥም ግፊት እስከ መውደቅና ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ሐኪም በየደረጃው ይቀንሰዋል። ማሸጊያው ከጠፋና በፌስታል ተቆጥራ የተሰጠችዎት ከሆነች ክኒኗን ራሷን ይዘው ነገ ይሂዱ፤ ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ኩላሊትዎን ይለኩ።

እህትዎ የደረሰባቸውን የሚፈራ ሰው፣ ለጣቱ ሲል ግፊቱን የሚያንር ክኒን መዋጡ ያስቆጨኛል። ተቆጣሁ አይበሉኝ፤ ሲያምዎት የሚያሳክምዎት አጥተው እንዳደረጉት ይገባኛል። ግን ሁለት ዓመት ብዙ ነው።

ሕክምናው ከምርመራ ይጀምራል። ኤምአርአይ አያስፈልግዎትም፤ ገንዘብዎን ይቆጥቡት። ተራ ራጅ ይበቃል፤ ራጁም ቢሆን ከሕመሙ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፣ በፎቶው ላይ ክፉኛ የተበላ መገጣጠሚያ ይዘው ያለ ችግር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ከሁሉ በፊት የአውራ ጣትን ሥር ብቻ ይዞ ሌሎቹን ጣቶች የማያስር ድጋፍ በሥራ ሰዓት ይልበሱ፤ ለጥቂት ሳምንታት ሳያቋርጡ ካደረጉት ለብዙ ሰው ሕመሙን ያቀልላል። የዳይክሎፌናክ ቅባት በቦታው ላይ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከክኒኑ ይልቅ ለእርስዎ ይሻላል፤ ግፊትዎንና ኩላሊትዎን ለሚከታተለው ሐኪም ግን ይንገሩት። ፓራሲታሞልም በልኩ መውሰድ ይቻላል። የመቀስዎን መያዣ በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት፤ መቆንጠጥ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ሲወፍር ጫናው ይቀንሳል። ልብስ መጭመቁን ለሌላ ሰው ይተዉት፣ ሰው ከሌለ በቧንቧው ላይ ጠምጥመው በሁለት መዳፍ ይጠምዝዙት። ለጡንቻ ማጠንከሪያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳይዎታል፤ ከሚያሳይዎት አንዱ ብርጭቆ እንደያዘ እጅ አውራ ጣትን አቁሞ ላስቲክ የተጠለቀበትን አመልካች ጣት ወደ አውራ ጣት በኩል መግፋት ነው፤ ይህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጡንቻ አጠንክሮ የሚያንሸራትተውን ስበት ይቋቋማል። ካመመዎት ያቁሙ፤ «ቻይው» የሚል ምክር እዚህ ቦታ የለውም።

በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታት ሊያሳርፍ ይችላል፤ በጡንቻ ከሚወጉት ጋር አንድ አይደለም፣ መደጋገምም የለበትም። ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ኮርቻ ከሆኑት ሁለት አጥንቶች ታችኛውን ትንሿን አጥንት የማውጣት ቀዶ ሕክምና አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፣ ሕመሙን በደንብ ያጠፋል፣ እጁ ሙሉ ለሙሉ ለሥራ እስኪበቃ ግን ወራት ይወስዳል። ወደ መገጣጠሚያው የሚሄዱትን የሕመም ቅርንጫፎች ብቻ ለይቶ የመቁረጥ ዘዴም አለ። ቅርንጫፎቹ ስሜት እንጂ እንቅስቃሴ ስለማይሸከሙ ተቆርጠውም አውራ ጣት ይሠራል፤ ነርቭ ሲነካ ሽባ እሆናለሁ ብለው ለሚሰጉት ለእርስዎ ይህን ማወቅ ደግ ነው። ከዚያ ግን ገና ሩቅ ነዎት።

ወደ አጥንት ሐኪም ሲሄዱ የግፊት መድኃኒቶችዎን፣ ያችን ክኒንና የሚሠሩበትን መቀስ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ መቀሱን ለምን እንዳመጡ ቢጠይቅዎት አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከፊቱ ይቁረጡለት፤ አውራ ጣትዎ የት ጋ እንደሚንሸራተት በዚያው ያየዋል።